ጆሮ አውሮፕላን ሊሰማ የሄደ ዕለት

በቤቱ ውስጥ "ጆሮ" ነው የሚባለው። ሌላ ስም አለው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠሩት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ስለሆኑ፣ ወረፋው ደርሶ ሲጠራ እንኳ ዞር ብሎ ባለስሙን ይፈልጋል።

ጆሮ የተባለው ትልቅ ጆሮ ኖሮት አይደለም። ጆሮዎቹ እንዲያውም ትንንሽ ናቸው፤ ራሱ ላይ የተተከሉ ሁለት አዝራሮች ይመስላሉ። ስሙን ያገኘው ታላቅ ወንድሙ ያገለገለ የጭነት መኪና ሲገዛ ሞተሩን የሚሰማለት እሱ ስለሆነ ነው። ታላቅየው ከአንዲት አሮጌ መኪና ተነስቶ ሦስት ከተማ ውስጥ ጋራዥ የከፈተ የጭነት ድርጅት ባለቤት ነው። አዲስ መኪና ገዝቶ አያውቅም። "አዲስ መኪና ጠባዩን ገና አላወጣም" ይላል፤ "ያገለገለ ግን ያለውን ጉድ ሁሉ አውጥቶ ጨርሷል።"

የሚገዛበትም ወግ አለው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሄዳሉ። ታላቅየው ከሻጩ ጋር ስለ ልጆችና ስለ ጤና ያወራል። በመሀል ድንገት "ለመሆኑ ለምን ትሸጠዋለህ?" ብሎ ይጠይቅና የሰውየውን ፊት ያያል። ጆሮ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ይሰማል። ከዚያ አንድም ቃል አይተነፍስም፤ ሻጭ ፊት መናገር ዋጋ ማበላሸት ነው። መኪናው ጥሩ ከሆነ ወርዶ በሩን ድርግም አድርጎ ይዘጋዋል። ካልሆነ በሩን ክፍቱን ትቶት ይሄዳል። ታላቅየው ወሬውን ሳያቋርጥ በሩን በጎን ዓይኑ ያያል። ከተዘጋ እጁን ለሻጩ ይዘረጋል፤ ክፍት ከቀረ የሰውየውን ልጆች መርቆ ይሰናበታል። በዚህ የተነሳ ጆሮ በከተማው ግማሽ ሻጭ ዘንድ በር መዝጋት ያላስተማሩት ባለጌ ተደርጎ ይታወቃል።

ደግሞ መኪና የሚገዙት ከነሹፌሩ ነው። የትኛው ዳገት ላይ እንደሚያኮርፍ፣ ዝናብ ሲነካው የትኛው መብራት እንደሚጠፋ የሚያውቀው ሹፌሩ ነውና፣ እሱን ትቶ መኪናውን ብቻ መውሰድ ለታላቅየው ሙሽራዋን ትቶ ሻንጣዋን እንደ መውሰድ ነው። ዛሬ ድርጅቱ ውስጥ ካሉት ሹፌሮች አብዛኞቹ ከመኪናቸው ጋር የመጡ ናቸው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ምሳ ላይ "ጄት ልገዛ ነው" ያለው።

ጆሮ አፉ ውስጥ የነበረውን አላምጦ ዋጠ።

"ትንሽ ናት" አለ ታላቅየው፣ ትንሽነቷ ነገሩን የሚያቀለው ይመስል። "ያገለገለች ናት። ወገቤ መንገዱን እምቢ ብሏል። ጠዋት ሄጄ፣ ሦስቱንም ጋራዥ አይቼ፣ ማታ እቤቴ አድራለሁ።"

ሚስቱ ጭልፋውን እንደያዘች ቀና አለች። "ማታ ማታ?" አለች።

"ማታ ማታ!"

"እንዴ" አለች፤ ወጡን ማውጣቷን ቀጠለች።

ችግሩ ባንኩ ነበር። መኪኖቹም የታላቅየው ቤትም ቀድሞ በመያዣ ስለተያዙ፣ ባንኩ ሌላ መያዣ አምጣ አለ። ሌላ መያዣ ያለው ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እታለም። እታለም የሁለቱም ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ቤቷን የሠራችው የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነው፤ ዛሬም ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትሰፋለች።

ወንድሟን እምቢ ማለት አታውቅበትም። እሺ ማለቱም ከአንጀቷ አልሆነላትም። ስለዚህ መሀል ላይ ያለ ነገር ፈለገች።

"ጆሮ በሩን ከዘጋው እፈርማለሁ" አለችው።

ለጆሮ ደግሞ የውጭው በር ድረስ ሸኝታው፣ ክንዱን ይዛ፣ "አደራ" አለችው። "ለምን እንደሚሸጡት ጠይቅልኝ። ካልገባህ እንዳትዘጋው። የምተኛው እዚህ ነው።"

"እሺ፣ እታለም።"

"በሩን ነው የምልህ።"

"ገብቶኛል።"

ያን ጊዜ ገብቶት ነበር። በዚህ አውሮፕላን ጉዳይ የሚገባው የመጨረሻው ነገር መሆኑን ግን አላወቀም።

በማግስቱ ጠዋት በታላቅየው ፒክአፕ ሄዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ዳር፣ ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች ርቆ፣ አንድ ሰፊ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ወለሉ ተወልውሎ ያበራል። ጆሮ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። ዘይት ያልፈሰሰበት ጋራዥ አይቶ አያውቅም፤ ወይ ማንም አይሠራበትም፣ ወይ የተሠራውን ደብቀውታል።

አውሮፕላኗ ከመጋዘኑ ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ነጭ ናት፤ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር ተሰምሮባታል። ጎማዎቿ የእጅ ጋሪ ጎማ ያህላሉ። ታላቅየው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አንዴ ዞራት።

"ከትንሿ መኪናችን አትበልጥም" አለ። ደስ ያለው ይመስላል።

ደላላው ቀልጠፍ ብሎ መጣ። እሱ ራሱን "አማካሪ" ነው የሚለው፤ ታላቅየው ግን ገና ሰላም ሲለው "እንዴት አደርክ፣ ደላላ" ብሎ ጉዳዩን ዘግቶበታል። ጫማው ከወለሉ በላይ ያበራል።

"ሞተሯ የት ነው?" አለ ጆሮ።

"ከኋላ ናቸው፤ ሁለት ናቸው።"

"ሁለቱም ከኋላ?"

"ሁለቱም።"

"ታዲያ የሚጎትታት የለም?"

"ይገፏታል።"

ጆሮ ወደ ኋላ ሄዶ አያቸው። ክዳኑ የተነቀለ በርሜል ይመስላሉ። እጁን ሰደድ አድርጎ ዘይት ፈለገ፤ ጣቱ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። አሸተተው። ምንም አይሸትም። "ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?" አለ።

"በኪሎ ሜትር አትቆጠርም። በበረረችበት ሰዓትና ባረፈችበት ብዛት ነው።"

"ቆማ ከዋለችስ አታረጅማ?"

"ታረጃለች። በቀን መቁጠሪያም ምርመራ አላት።"

"ብትሄድም ታረጃለች፣ ብትቆምም ታረጃለች።"

"አዎ።"

"እንደኛው ናታ" አለ ታላቅየው።

ደላላው ፈገግ ብሎ ወደ ሞተሮቹ ጠቆመ። "ስለ ሞተሮቹ ደግሞ ምንም አትጨነቁ። በፕሮግራም የተያዙ ናቸው። በበረሩ ቁጥር ለአንድ ድርጅት ይከፈላል፤ ሲበላሹ ድርጅቱ ይጠግናል።"

"ሞተሩ የእኛ አይደለም ማለት ነው?" አለ ጆሮ።

"የእናንተ ነው።"

"በሽታው ግን የእነሱ።"

"እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

"ደህና ቢሆንም ባይሆንም ያው እንከፍላለን?"

"ያው ነው።"

"ታዲያ እኔ የምሰማው ምኑን ነው?"

ደላላው ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ፤ እዚያም የለም።

ታላቅየው በበኩሉ ወጉን ጀምሯል። "ልጆች አሉህ?" አለ። ደላላው የሉኝም አለ። "ጤና እንዴት ነው?" ደህና ነኝ አለ። በዚህ በኩል የሚወራ ነገር ስላለቀ ታላቅየው ቶሎ ወደ ዋናው ገባ፤ "ባለቤቱ የታለ? ፊቱን ልየው።"

"ባለቤቱ ድርጅት ነው።"

"ድርጅቱ የማነው?"

"የሌላ ድርጅት።"

"ያኛውስ?"

"ያኛው በአደራ የተያዘ ነው።"

"ለማን?"

"ለተጠቃሚው።"

"ተጠቃሚው ሰው ነው?"

ደላላው አሰበ። "በመጨረሻ ሰው መሆኑ አይቀርም" አለ።

"እሱ ለምን ይሸጣታል?" አለ ጆሮ፣ እታለም ትዝ ብላው።

"ማን?"

"በመጨረሻ ሰው የሆነው።"

"እሱ አይደለም የሚሸጣት፤ ድርጅቱ ነው። ድርጅት ደግሞ ለምን አይባልም።"

ጆሮ ታላቅ ወንድሙን አየ። ታላቅየው አውሮፕላኗን እያየ ነው። ውሃ ጠምቶት ምንጭ ያየ ሰው ነው የሚመስለው፤ ምንጩ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ፊት አልነበረም።

በዚህ መሀል አብራሪዋ ብቅ አለች። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ደላላው "ካፒቴን" ብሎ አስተዋወቃት። ታላቅየው ከእግር እስከ ራሷ አይቷት፣ ለጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሹፌሯ ናት፤ ጨዋ ትመስላለች" አለው። በሐሳቡ ቀጥሯታል።

"ሞተሩን ሊሰሙ የመጡት እርስዎ ነዎት?" አለችው ጆሮን፤ ባርኔጣ የሚያህል የጆሮ መሸፈኛ እየዘረጋችለት። "ይህን ያድርጉት።"

"ምንድን ነው?"

"እንዳይሰሙ ነው።"

ጆሮ ተቀበላት። ይህን ሁሉ ዘመን ሞተር ሲሰማ፣ ጆሮህን ሸፍነህ ስማ ያለው ሰው አልነበረም። አንገቱ ላይ አጠለቀው።

"ወይ እዚያ ማዶ ርቀው ይቆማሉ፣ ወይ ከኔ ጋር ውስጥ ይቀመጣሉ" አለችው።

ርቆ መስማት መስማት አይደለም። "ከሹፌሩ ጎን ነው የምቀመጠው" አለ።

በመሰላሉ ወጣ። መሰላሉ አምስት የማይሞሉ ደረጃዎች ያሉት አጭር ነገር ነው። ውስጡ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ካገኘው ነገር ሁሉ ጋር እያጋጨ ፊት ለፊት ካሉት ሁለት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ በቁልፍና በመስታወት ተሞልቷል፤ አንዱንም አያውቀው። ዓይኑ የሚያውቀውን ነገር ፍለጋ ሲንከራተት ከካፒቴኗ ወንበር ኋላ ያለች ቦርሳ ላይ አረፈ። ከቦርሳዋ ያረጀች ትራስ ጫፏ ወጥቷል። ትራሷ ሥር የሻይ ኩባያ፣ ነጠላ ጫማ። ቁልፎቹ ጠርዝ ላይ ደግሞ ፎቶ የተላጠበት የፕላስተር ምልክት አለ፤ ሙጫው ገና አቧራ አልያዘም።

ይህንን ጆሮ አወቀው፤ መኪናውን ትቶ የሚሄድ ሹፌር ዕቃውን እንዲህ ነው የሚሰበስበው። ጠዋት ከተነሳ ጀምሮ ያወቀው ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ልቡ ግን በሩ ላይ ነበር። ሞተሩን እሰማለሁ፣ ካልገባኝ እወርዳለሁ፣ በሩን ክፍቱን እተወዋለሁ ብሎ አስቧል። ለዚያም በሩ የቱ ጋ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ዞረ። በር የሚመስል ነገር የለም። ካፒቴኗ ከኋላ ጎንበስ ብላ መሰላሉን ሳበችው፤ መሰላሉ ተነስቶ፣ ታጥፎ፣ ከአውሮፕላኗ ጎን ጋር ገጥሞ ድርግም አለ።

መሰላሉ ነው በሩ። ጆሮ በሩን ሲፈልግ የቆየው በሩን ረግጦ ገብቶ ነው።

ድርግምታው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ጆሮ እንኳ ይህን ያህል አምርሮ የዘጋው መኪና የለም።

በመስኮቱ አሻግሮ አየ። ታላቅ ወንድሙ ሜዳው ላይ ቆሞ ከደላላው ጋር ሲያወራ ነበር። በሩ ሲዘጋ በጎን ዓይኑ አየ። ፊቱ በአንዴ በራ። እጁን ዘረጋ። ደላላው ለምን እንደሆነ ሳይገባው፣ በትህትና፣ ጨበጠው።

"ጋሼ!" አለ ጆሮ። መስኮቱን ደበደበው።

ታላቅየው ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘለት።

ጆሮ ሁለት እጆቹን አንስቶ "አይደለም፣ አይደለም" አለ። ታላቅየውም ሁለት እጆቹን አንስቶ አወዛወዘ። እንዲህ ደስ ብሎት ያየው በሠርጉ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ምነው? ፈሩ?" አለች ካፒቴኗ እየተቀመጠች።

"በሩን ክፈችልኝ።"

"ላስነሳው እኮ ነው። በሩ ተከፍቶ ሞተር አይነሳም።"

"ለምን ዘጋሽው?"

ካፒቴኗ አየችው። "ክፍቱን የሚሄድ መኪና ነው ያላችሁ?" አለችው። የምትጠይቀው ከልቧ ነበር።

ጆሮ ሊያስረዳት ፈለገ። በሩን፣ እታለምን፣ ባንኩን፣ የቱን እንደሚያስቀድም ሲያስብ ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ የሚተነፍስ ሰው ይመስል ነበር፤ ከዚያ ትንፋሹ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ አንድ ረጅም ድምፅ ሆነ። ጆሮ ከልማድ የተነሳ ዓይኑን ጨፈነ። የጭነት መኪና ሞተር ያወራል፤ ይንተባተባል፣ ያስላል፣ ያማርራል፤ ያደረበትን ሕመም ይናገራል። ይሄኛው አንዲት ቃል ጀምሮ አይጨርስም። ደስታ ይሁን ሥቃይ አይለይም። ጆሮ ጠበቀው። ቃሉ አላለቀም።

ካፒቴኗ የሚነጋገሩበትን ማዳመጫ ራሱ ላይ ጫነችለት። "ጤነኛ ነው" አለችው በማዳመጫው።

"በምን አወቅሽ?"

"እዚህ ላይ ይላል" ብላ አንዱን መስታወት አሳየችው።

ለጆሮ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። "እሺ፣ ለምንድን ነው የሚሸጣት?" አላት።

ካፒቴኗ ፈገግ አለች። "ሰውየው ሲገዛት 'ማታ ማታ እቤቴ ለማደር' ብሎ ነው። እኔም አደረስኩት። ከዚያ ወዲህ ውጭ አላደረም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ሚስቱ አንድ ቀን መጥታ አነጋገረችኝ። 'አንዳንዴ እንኳ ትንሽ አይዘገይልሽም?' አለችኝ።"

"ምን ቆርጧት?"

"ክፉ ሴት አይደለችም። ኑሮዋን ሁሉ ያደላደለችው እሱ በሌለበት ነው። አሁን ማታ ማታ መጥቶ 'ይህ ዕቃ ለምን እዚህ ተቀመጠ' ይላታል።"

"ስለዚህ ተፋቱ?"

"ኧረ አልተፋቱም" አለች ካፒቴኗ። "አውሮፕላኗን ይሸጣሉ።"

ጆሮ ይህን ወሰደና ከየትኛው ጎራ እንደሚያስቀምጠው አጣ። የሞተር ችግር አይደለም። የባለቤት ችግር ነው እንዳይባል ባለቤት የላትም ተብሏል። አውሮፕላኗ የተባለችውን አደረገች፤ ለዚያ ነው የምትሸጠው። ምሳ ላይ ጭልፋ የያዘችው የወንድሙ ሚስት ዓይኑ ላይ መጣችበት።

ሞተሩ ጠፍቶ በሩ ሲከፈት፣ ጆሮ በሩን ረግጦ ወረደ።

ታላቅየው እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። "ዘጋኸው!" አለ። "እኔ መኪና ስገዛ እንዲህ አድርገህ የዘጋህልኝ የለም! ድምፁ እዚህ ድረስ ተሰማ!"

"እኔ አልዘጋሁትም፣ ጋሼ።"

"እንዴት አልዘጋኸውም? በዓይኔ አየሁ እኮ።"

"ካፒቴኗ ናት የዘጋችው።"

"እሷ ምን አግብቷት?"

"በሩ ተከፍቶ ሞተሩ አይነሳም።"

ታላቅየው በሩን አየ፤ በሩ መሰላል ሆኖ ተዘርግቷል። ጆሮን አየ። ደላላውን የጨበጠበትን እጁን አየ። "ጨብጫለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ለእታለምም ደውያለሁ። ጆሮ ዘጋው አልኳት።"

"ምን አለች?"

"እሺ አለች።"

"እሺ ብቻ?"

"ምን ልትል ኖሯል? የስፌት መኪናዋ ይሰማኝ ነበር።" ታላቅየው ፊቱን አዞረ። "እሺ ስትል ቆመ።"

ጆሮ ስልክ አውጥቶ ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። የቤቱን ካርታ ልትፈልግ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ ይሆናል ብሎ እንደገና ደወለ።

ደላላው ነገሩ ባይገባውም ችግር መኖሩ ገብቶታል፤ ሊያቀልላቸውም ፈለገ። "ምንም የሚያስጨንቅ ነገር የለም" አለ። "መጨባበጥ ማለት ምንም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የፍላጎት ደብዳቤ አለ፣ ቀጥሎ ምርመራ አለ፣ ከዚያ ነው ውል። ማንም አልታሰረም።"

ታላቅየው ወደ እሱ ዞረ። "እጄ ምንም አይደለም ነው የምትለኝ?"

"አይ፣ በሕጉ ማለቴ ነው..."

"ሰላሳ መኪና የገዛሁበት እጅ ነው።"

"ገብቶኛል፤ ግን ነጻ ነዎት እያልኩ ነው።"

"ማን ነጻ አውጣኝ አለህ?"

ደላላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ሰው ውሉን አላከብርም ሲለው ነው የሚጨቃጨቀው፤ ያልተፈረመ ውል ካላከበርኩ ብሎ የሚቆጣ ሰው ገጥሞት አያውቅም።

ታላቅየው ጆሮን ወደ ጎን ሳበው። "እሺ፣ እሷ ባትዘጋው አንተ ትዘጋው ነበር?"

ጆሮ አሰበ። እዘጋው ነበር ቢል ቤቱ ሄደ። ክፍቱን እተወው ነበር ቢል ውሸት ይሆንበታል፤ ታላቅ ወንድሙን በሞተር ጉዳይ ዋሽቶት አያውቅም። "አላውቅም" አለ።

"አንተ? አላውቅም?"

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር አንዲት ቃል ነው የሚናገረው። ቃሏንም አይጨርሳት። አልገባኝም።"

"ለምን እንደሚሸጧትስ?"

"እሱ ተነግሮኛል። ከተነገረኝ ወዲህ የባሰ ግራ ገብቶኛል።"

ታላቅየው መሰላሉ ላይ፣ ማለትም በሩ ላይ፣ ተቀመጠ። የእታለም ቤት በአንድ በኩል፣ እጁ በሌላ በኩል ሆነው ሲጎትቱት ይታያል። እጁን ቢመልስ እጅ አይኖረውም። ካልመለሰ እህቱ በር አይኖራትም።

ካፒቴኗ ለመውረድ ስትመጣ "ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ" አለችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች፤ ትራሷ ብብቷ ሥር ናት። ጆሮ ትራሷን አየ።

"ካፒቴን" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ታላቅየው እንዲሰማ። "እኛ ቤት ያገለገለ ነገር የሚገዛው ከነሹፌሩ ነው። አብረሽን ትመጫለሽ?"

"አብራሪዋ የሽያጩ አካል አይደለችም" አለ ደላላው።

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አለ ታላቅየው። ቀና ብሏል።

"እኔን?" አለች ካፒቴኗ።

"አንቺን። ጠባይዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ካፒቴኗ አንዴ ወደ አውሮፕላኗ ዞር ብላ አየች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ግን አልመጣም። ከሰኞ ጀምሮ ማስተማር ልጀምር ነው።"

"ደመወዝ ይጨመርልሻል" አለ ታላቅየው፤ ማለት ስላለበት።

"የደመወዝ ጉዳይ አይደለም፣ ጋሼ። እኔም እስቲ ማታ ማታ እቤቴ ልደር ብዬ ነው።"

ታላቅየው ቀስ ብሎ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። ጆሮ ፊቱን ሊያነብ ሞከረ፤ ቅያሜ ነው ሲል እፎይታ ይሆናል፣ እፎይታ ነው ሲል ደግሞ ያቺን ነጭ አውሮፕላን ሰረቅ አድርጎ ያያል። ታላቅየው ደላላው ፊት ቆሞ ለሁለተኛ ጊዜ እጁን ዘረጋ።

"ሹፌሯ አትመጣም" አለ። "ያለ ሹፌር አንገዛም። ይህን አስቀድሜ ሳልነግርህ እጅህን መያዜ የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ።"

"ኧረ ምንም አይደለም፤ ቀድሞም አልታሰሩም ነበር እኮ።"

"ታስሬ ነበር። አሁን ነው የተፈታሁት።"

"ሌላ አብራሪ ላገኝልዎት እችላለሁ። ስንት አብራሪ አለ።"

"ስንት አውሮፕላንም አለ" አለ ታላቅየው፤ ጨብጦት ሲያበቃ መረቀው። ልጆች ስለሌሉት፣ ልጆች ይስጥህ አለው።

መንገድ ላይ ጆሮ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ እታለም አላነሳችም። ከተማው ሊገቡ ሲሉ ታላቅየው መሪውን እንደያዘ፣ "ለምን እንደሚሸጧት ግን ምን አሉህ?" አለ። ጆሮ ካፒቴኗ ያጫወተችውን ነገረው። ታላቅየው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። አንድ መታጠፊያ አለፉ፤ ሌላም አለፉ።

"የኔዋስ እንደዚያ የምትል ይመስልሃል?"

"አላውቅም።"

"ዛሬ አላውቅም አበዛህ። አመመህ እንዴ?"

እታለም ቤት ሲደርሱ በረንዳው ላይ ቆማ አገኟት። የክት ልብሷን ለብሳለች። የቤቱን ካርታ በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ስልኳ የለም፤ የሆነ ቦታ ጥላዋለች። ፊቷ ላይ ማልቀስ የለም፤ ነገሩን ቆርጦ የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

ታላቅየው ሞተሩን አላጠፋም። ጆሮ የፒክአፑን በር ከፍቶ ወረደ። እጁ በሩን ይዟል። ብዙ ነገር ሊላት ያስባል፤ መሰላሉ በር ነበር፣ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት፣ ሹፌሯ አልመጣም አለች። ከዚህ ሁሉ የትኛውን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

በሩን አልዘጋውም። እስከ መጨረሻው ገፍቶ፣ ማጠፊያው ሲጥ እስኪል ከፈተው፤ ትቶት ወደ በረንዳው ሄደ።

"ዝጋው እንጂ!" አለ ታላቅየው ከውስጥ። "አቧራ ሊገባ ነው!"

ጆሮ አልዞረም። እታለም እሱን አላየችም፤ በትከሻው አሻግራ የምታየው በሩን ነው። ቆማ አየችው። ከዚያ ካርታውን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። ወንበር ተሳበ። ከዚያ የስፌት መኪናው ተነሳ።

ጆሮ ደረጃው ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ሞተር ያውቀዋል። መጀመሪያ ይንተባተባል፣ አንዴ ያስላል፣ ከዚያ ይሮጣል።

"ለምን እንደሚሸጡትስ ጠየቅክልኝ?" አለች እታለም ከውስጥ፣ በመኪናው ድምፅ ላይ እየጮኸች።

"ጠይቄያለሁ።"

"ለምንድን ነው ታዲያ?"

ጆሮ አፉን ከፈተ። "ሰውየው ማታ ማታ እቤቱ እያደረ ተቸገሩ" አለ።

መኪናው ቆመ።

"ምን?" አለች እታለም።

"በሩን ነው የምልህ!" አለ ታላቅየው ከመንገዱ።